የመደርደሪያው ጀርባ ሒሳብ



እዚህ ቤይ ኤሪያ ያደገ ወጣት የስቲቭ ጆብስን የአጥር ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። አጥርም ይሁን ቁም ሳጥን፣ ማንም የማያየው ጀርባው ሳይቀር ተጠንቅቆ መሠራት እንዳለበት ከአባቱ እንደተማረ ይናገር ነበር። ብዙ ወንድሞችና እህቶች ይህን ሲሰሙ «ይኼማ የኛው ኢሕሳን ነው!» ይላሉ። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ቢሆንም ፍሩትቬል ውስጥ በትዕዛዝ የቤት ዕቃ እሠራለሁ፤ ታሪኩን በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። የዚያን ጀርባ ሒሳብ የሚከፍለው ማነው?

አንድ ቤተሰብ የመጻሕፍት መደርደሪያ አዘዘኝ እንበል። ጀርባው ዕድሜ ልኩን ግድግዳ ሥር ይቆማል። 10 ሰዓት በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልሰውና ቫርኒሽ ስቀባው ቆይቼ ሰዓቱን ዋጋው ላይ ብጨምረው ኢሕሳን ነው? ለእኔ በሰው ገንዘብ የራስን ደስታ መግዛት ነው። ከራሴ ጊዜ ከሰጠሁት በእኔና በጌታዬ መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ደንበኛዬን የማስከፍለው ከሆነ ግን አስቀድሜ ልጠይቀው ይገባል።

ለጀርባ ኮምፔርሳቶ ማድረግ ማጭበርበር የሚመስላቸውም አሉ። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚሻለው እሱ ነው። ጣውላ የአየሩን እርጥበት ተከትሎ በስፋቱ ያብጣል፣ ይሸበሸባል፤ ሰፊውን ጣውላ አጥብቃችሁ ከያዛችሁት ይሰነጠቃል። የኮምፔርሳቶ ስስ ንብርብሮች ግን አንዱ ወደ ቁመት ሌላው ወደ ጎን ሆነው ስለተጣበቁ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ጥፋቱ ያለው ኮምፔርሳቶውን ስስ ዋልነት አልብሶ «ሙሉ ዋልነት ነው» ብሎ መሸጥ ላይ ነው።

ኢማም ሙስሊም የዘገቡትን የእህል ሻጩን ሐዲስ ታውቁት ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ክምሩ ውስጥ ሲያስገቡ እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። እሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ልብ በሉ፣ እህሉን ድፋው አላሉትም። የፈለጉት እንዲታይ ነው። ስለዚህ በዋጋ ማቅረቢያዬ ላይ የጀርባውን፣ የመሳቢያውን ወለል፣ የውስጡን ሁሉ ዓይነት እጽፋለሁ። (የጅማ በርጩማ ሠሪዎች ይህ ጣጣ የለባቸውም። ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል ማጋጠሚያም ድብቅ ቦታም የለውም፤ ገልብጦ ማየት ነው።)

ግልጽነት የማይፈታው ነገርም አለ። ከፍሩትቬል በላይ ካሉት ኮረብቶች ሥር የሄይዋርድ ስንጥቅ ያልፋል፤ በ1868 አካባቢውን ክፉኛ አናውጦታል። በ1989 ደግሞ የሎማ ፕሪታ መንቀጥቀጥ እዚሁ ኦክላንድ ውስጥ ባለ ሁለት ፎቁን የሳይፕረስ አውራ ጎዳና አፍርሶ 42 ሰው ገድሏል። ረጅም መደርደሪያ ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ጋር በብሎን ካልታሰረ ይወድቃል። መንቀጥቀጥም አያስፈልገውም፤ መሳቢያ እንደ ደረጃ የሚወጣ ሕፃን ይበቃዋል።

አንድ አባት ቁመቱ 7 ጫማ የሆነ፣ ከታች መሳቢያ ያለው መደርደሪያ ለልጆቹ ክፍል አዘዘኝ። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ግድግዳ መብሳት አልፈለገም። ይወድቃል አልኩት። «ገብቶኛል፣ ኃላፊነቱን እኔ እፈርማለሁ» አለኝ። የደበቅሁት ነገር የለም፤ እርጥቡ እህል ከላይ ነው። ገዢውም ፈቅዷል። ነገር ግን ከሥሩ የሚተኛው የሦስት ዓመት ልጅ አልፈረመም። አባት በራሱ ገንዘብ ላይ ያለው ሥልጣንና በልጁ ደህንነት ላይ ያለበት አማና አንድ አይደሉም፤ በእሱ ፊርማ ከልጁ ሐቅ ነፃ የምወጣ አይመስለኝም።

ሁለት አጫጭር መደርደሪያዎች ልሥራልህ አልኩት፤ አልተስማማም። ሥራውን አጣሁት። ዘመድ ወዳጅ «ንጹሕ ሆነህ ወጣህ» አለኝ። እኔ ግን ይህ አልተዋጠልኝም። ያንኑ ቁመት ከሌላ ሱቅ ገዝቶ ሳያስረው ካቆመው እጄን ማንጻቴ ለልጁ ምን ፈየደለት? ስለዚህ ሁለት የማሰሪያ ቀበቶ ከነብሎኑ ገዝቼ፣ አከራዩን ፈቃድ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ጽፌ ላክሁለት። ሁሉም 20 ዶላር አይሞላም። ደረሰኝ ብሎ አመስግኖኛል። ገጥሞት እንደሆነ እስካሁን አልነገረኝም፤ በሚቀጥለው ጁምዓ ካገኘሁት እጠይቀዋለሁ።