ረጅሙን ሌሊት በር ከፍተሽ ተቀበዪው

ልጄ፣ ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ «እዚህ አገር ፀሐይ ጠፋች፤ እኔም አብሬያት ልጠፋ ነው» ስትዪ ሰማሁሽ። ሳይጠየቅ መምከር የሽማግሌ አመል ነውና ታገሺኝ።

አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ አጭሩ ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን አለው። ስለዚህ አገር ቤት ሳለን ማንም ልብ አላለውም። ስቶክሆልም ላይ ግን በታኅሣሥ 12 ገደማ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21፣ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ አካባቢ ብቅ ትልና 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ወደ ሰሜን፣ ኪሩና ድረስ ብትሄጂማ ለሳምንታት ጭራሽ አትወጣም። ፀሐይ ርቃን እንዳይመስልሽ። የእኛ ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ምድር ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ ለፀሐይ ትቀርባለች። ችግሩ ምድር በ23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ዘመም ብላ ስለምትዞር ሰሜኑ ወገን በዚያ ሰሞን ጀርባውን መስጠቱ ነው።

ሊነጋ ሲል ይጨልማል። ከዚያች ረጅም ሌሊት ወዲያ ቀኑ መርዘም ይጀምራል፤ ዓይንሽ ግን አያምንም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚጨመረው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ክፉው ብርድም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ማለት ይሄ ነው። ጥር ሊያልቅ ሲል ግን የቀኑ ብርሃን ከ8 ሰዓት ያልፋል። ሰው በዚህ ሰሞን በዓል ያበጀው፣ ለዓይን ገና ያልታየውን መልካም ነገር አስቀድሞ ለመቀበል ይመስለኛል።

ስዊድኖቹ ዲሴምበር 13 ሉሲያን ያከብራሉ። ነጭ የለበሰች፣ ወገቧን በቀይ መቀነት የታጠቀች፣ ራሷ ላይ የሻማ አክሊል የደፋች ልጅ ከፊት ትመራለች፤ ሌሎቹ እየዘመሩ ይከተሏታል። ቅድስት ሉሲያ የሲሲሊ ሰማዕት ናት። በመካከለኛው ዘመን፣ በዩልዮስ አቆጣጠር፣ ረጅሙ ሌሊት በዚያ ቀን ገደማ ይውል ነበር። ስዊድን በ1753 እ.ኤ.አ. አቆጣጠሯን ስትለውጥ ሌሊቱ ወደ 21 ተሻገረ፤ ሉሲያ ግን ከቀኗ አልተነቃነቀችም። ገናን ታኅሣሥ 29 ለምናከብር ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም።

እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል። አንቺም መስኮትሽ ላይ እንደነሱ የኮከብ መብራት ስቀዪ። የሉሲያን ዳቦ ጋግሪ። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ቅቤና ወተቱን ተዪው፤ በዘይት ያምራል። ሳፍሮን የሚሉትን ቅመም ከትንሽ ስኳር ጋር ወቅጠሽ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊውና ሊጡን በእሱ አቡኪው። ኩፍ ሲል እንደ ገመድ አድርገሽ ሁለቱን ጫፍ ወደተለያየ አቅጣጫ ጠቅልዪ፤ በየጥቅልሉ መሃል አንዳንድ ዘቢብ ሰክተሽ ወደ ምድጃው።

ታኅሣሥ 12 ሚካኤል አይደል? በዚያው ቀን ቡና አፍዪና ጎረቤትሽን ጥሪ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ ያችን ለብቻዋ የምትኖረውን አሮጊትም አትለፊያት። ዕጣን ስታጨሺ ግን መስኮቱን ገርበብ አድርጊ፤ የጭስ ደወሉ ሕንፃውን ሙሉ ያስወጣብሻል።

ሌላም ልንገርሽ። ሰማዩ ቢዳምንም ለብርሃኑ ስትዪ በምሳ ሰዓት ከቤት ወጣ በዪ። በነዚህ ወራት ግን ከዚህች ፀሐይ ቫይታሚን ዲ አይገኝም፤ የእኛ ቆዳ ደግሞ በበጋቸውም ቢሆን ለማበጀት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ስለ ቫይታሚኑ ሐኪም ጠይቂ። እንቅልፍሽ ከተዛባ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ሰው ማየት ካቃተሽም ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። የጨለማው ወራት ድባቴ በሽታ ነው፤ የእምነት ጉድለት ነው የሚልሽን አትስሚ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ሳልረሳው፣ ለዳቦው የሚሆነውን ሳፍሮን አስቀድመሽ ግዢ። በግማሽ ግራም ፖስታ ነው የሚሸጠው፤ ውድ ስለሆነም ብዙ ጊዜ ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ይቀመጣል፤ መደርደሪያው ላይ ካጣሽው እሷን ጠይቂያት።