ጉና ላይ ድንኳን ለምትተክሉ ልጆች

ልጆቼ፣ በበጋው ጉና ላይ ድንኳን ተክላችሁ እንግዳ ለማሳደር ማሰባችሁን ወድጄዋለሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ጅብራ የበቀለበት ተራራ የኛው ነው። «ባለሀብት ፈልጉልን» ማለታችሁ ግን ችኮላ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን።

ከጨጨሆ ማዶ ያሉትን የመቄት ገበሬዎች እዩ። በ1990ዎቹ ተስፋ ከሚባለው ድርጅት ጋር ሆነው ገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆ ሠሩ። የውጭ ገንዘብና የውጭ ምክር ነበረበት፤ ጎጆው ግን የማኅበረሰቡ ነው። የሚያበስሉት፣ ጓዝ የሚጭኑት፣ መንገድ የሚመሩት እነሱ። የመንዝ ሰዎችም ጓሳቸውን በአባቶቻቸው ሥርዓት ጠብቀው ኖረው ነው ኋላ ሎጅ ያቆሙት።

ስለዚህ መጀመሪያ ማኅበር ሁኑ። በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው ያለው፤ ብር የበዛለት ብቻውን አይወስንም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ቃለ ጉባኤና ማኅተም የሌለውን ደግሞ የሚንቀው አይጠፋም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም ብላችሁ አትዘናጉ። ለረጅም ዘመን በተፈረመ የኪራይ ውልም ከእጅ ይወጣል።

ባለሀብቱ ሲመጣ ድንኳኑንና መኝታውን ይግዛ፣ እንግዳ ያምጣ፤ ገንዘቡንም ከአዳሩ ሒሳብ እስከተወሰነ ዓመት ያንሣ። ግጦሹ ላይ አይዘዝ። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ውሉን የሚያነብ የሕግ ሰው ሳታስቀምጡ አትፈርሙ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉና በጉም ተሸፍኖ ሲከርም እንግዳ የለም፤ ከባንክ ከተበደራችሁ ወለዱ ግን ይቆጥራል። ጸደይ ባንክም ሂዱ ሌላ አበዳሪ ዘንድ፣ ክፍያው ከኅዳር እስከ ግንቦት እንዲሆን፣ ለመጀመሪያው ዓመትም የእፎይታ ጊዜ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። እንቢ ካሉ ጥቂት ድንኳን በራሳችሁ መዋጮ ጀምሩ። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ መንገዱ ሰላም አጥቷል። ይህን ለባለሀብቱ አትደብቁት። እንግዳ ቢቀር ዕዳው ማን ላይ እንደሚወድቅ በውሉ ይጻፍ፤ የናንተን ከብትና ቤት ግን ዋስትና አታድርጉ።

አሁን ከእስቴም ከጋይንትም በኩል ከብት ወደ ጉና የሚያወጡትን አባቶች ጠይቁ፤ የትኛው መስክ በየትኛው ወር እንደሚፈለግ ይንገሯችሁ፤ ከስማዳ የሚመጡ ጓደኞቻችሁም አብረው ይስሙ። ቃለ ጉባኤውን ይዛችሁ ኑና ባለሀብቱን አብረን እናነጋግረዋለን።