ያኩባ ያለሙት መሬት

ያኩባ ሳዋዶጎ እ.ኤ.አ. በ1946 በሰሜን ቡርኪና ፋሶ፣ በያቴንጋ አውራጃ፣ ጉርጋ በምትባል መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው ቁርአን ሊቀሩ ወደ ማሊ ተላኩ፤ ሲመለሱ በአቅራቢያው ባለችው በዋሂጉያ ከተማ ገበያ ንግድ ያዙ። የእኛን ወሎ በ1966 ዓ.ም. ገደማ ያራቆተው ድርቅ እንደ ቡርኪና ፋሶ ያሉትን የሳህል አገሮችም አንድ ላይ ነው የመታው፤ ከዓመታት በኋላም ተመልሶ ጎበኛቸው። የያቴንጋ ሰው ቀዬውን እየጣለ ሲሰደድ ያኩባ ግን ንግዳቸውን ትተው እርሻ ገቡ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1980 ገደማ ነው።

የገቡበት መሬት ሌላው የተወው ጠፍ ነበር። ፊቱ እንደ ሸክላ ደንድኗል፤ ዝናብ ቢወርድበት ውኃው ሳይሰርግ ጠርጎት ይሄዳል። በአካባቢው ዛይ የሚባል የቆየ ዘዴ አለ፤ እንዲህ ባለ መሬት ላይ ትናንሽ ጉድጓድ እየቆፈሩ መዝራት ነው። ያኩባ ጉድጓዱን ሰፋና ጠለቅ አደረጉት፤ ዝናብ ሳይመጣ በበጋ በዶማ ቆፍረው ፍግ ጨመሩበት። ፍጉ ምስጥ ይጠራል። እኛ ምስጥ ሲባል የሚታየን የተበላ ምሰሶ ነው፤ እሳቸው የፈለጉት ግን ጉልበቱን ነበር። ምስጡ ፍጉን ፍለጋ የደነደነውን አፈር ይቦረቡራል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ቀዳዳ ወደ ታች ይወርዳል። ተዳፋቱን አቋርጠውም ድንጋይ ደረደሩ፤ ጎርፉ እዚያ ሲደርስ ይረጋና ደለሉን ጥሎ ያልፋል። የኮንሶ ሰው ይህን ሲሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም።

በበጋ መቆፈር ግን ለአገሬው ወግ መጣስ ነበር። «አብዷል» ተባሉ። ያበቀሉትንም በእሳት አነደዱባቸው። እሳቸው ከሰው ጋር መካሰሱን ትተው እንደገና ቆፈሩ።

ጫካው የመጣው ሳይታሰብ ነው። ከፍጉ ጋር የገባ የዛፍ ዘር በየጉድጓዱ ከማሽላው ጎን መብቀል ጀመረ። ሌላ ገበሬ ቢሆን አርሞ ይጥለው ነበር፤ ያኩባ ተዉት፤ ከዚያም ጠበቁት፤ ከዚያም ራሳቸው ይጨምሩበት ጀመር። በመጨረሻ ከ60 በላይ ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ የያዘ፣ 40 ሄክታር ገደማ ጫካ ሆነ። ብዙ ልጆች የወለዱ አባት ነበሩና ማሳው ለቤቱ እህል፣ ጫካው ማገዶና የከብት መኖ፣ ለመንደሩም መድኃኒት ሰጠ።

እኔ ከሁሉ የማደንቅላቸው ግን ጫካውን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ማሳቸው ላይ የገበያ ቀን ያደርጉ ነበር። ገበሬው ከየመንደሩ ዘሩን ይዞ ይመጣል፤ ይለዋወጣል፤ ጉድጓዱ እንዴት እንደሚቆፈር አይቶ ይሄዳል። ብልሃቱን ለልጁ እንኳ ሳይነግር የሚቀበር ስንት አዋቂ አለ! ያኩባ ያወቁትን የበተኑት ገና ጉልበት ሳለላቸው ነው፤ ዘዴው ድንበር ተሻግሮ በሌሎችም የሳህል አገሮች ተዛመተ።

ነገሩ የሚከፋው ከዚህ በኋላ ነው። ዋሂጉያ እየሰፋች መጥታ ጫካው ለቤት መሥሪያ ይሸነሸን ጀመር። ያቀኑትን መሬት ለማስቀረት መልሰው መግዛት ነበረባቸው፤ የተጠየቀው ገንዘብ ደግሞ ከአቅማቸው በላይ ነበር። መሬቱ ዋጋ ያወጣው እሳቸው ስላለሙት መሆኑን ልብ በሉ! ዓለም በበኩሉ አከበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት፣ በ2020 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራምን «የምድር ሻምፒዮን» ማዕረግ አገኙ። ሽልማቱ የመጣው ግን ጫካው መሸንሸን ከጀመረ በኋላ ነው።

ለብዙ ጊዜ ታመው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 2023 በዋሂጉያ አረፉ።

በየቀበሌያችንም እንዲህ ያሉ አዛውንት ገበሬ አይጠፉም። የሽልማት መድረክ የምታዘጋጁላቸው ሰዎች፣ አስቀድማችሁ ይዞታቸው በስማቸው መስፈሩን አጣሩላቸው። የሚያውቁትንም አንደበታቸው ሳይደክም ማሳቸው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።