ስለ ምጥ፤ ጊዜን መጠበቅና ጊዜን መጥራት

ሰው በሕይወቱ ከሚገጥሙት ከባድ ጥያቄዎች አንዱ፣ መቼ ዝም ብሎ መጠበቅ፣ መቼስ ተነሥቶ መሥራት እንደሚገባው ማወቅ ነው። አባቶቻችን ስለዚህ ነገር የተናገሩት ምሳሌ በሁለት ወገን የተሳለ ነው። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ብለው ችኩሉን ይገሥጻሉ፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ደግሞ የዘገየውን ይዘልፋሉ። ስለዚህ ምሳሌ ማወቅ ብቻውን ሰውን ጠቢብ አያደርገውም፤ የትኛው ምሳሌ ለየትኛው ቀን እንደሚስማማ መለየት ያስፈልጋል።

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚጠናው በወላድ አልጋ ላይ ነው። በሌላው ነገር ሰው ቢቸኩል ወይም ቢዘገይ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ገንዘቡ ወይም ስሙ ነው፤ እዚህ ግን በሚዛኑ ላይ የተቀመጡት ሁለት ነፍሶች ናቸው። እንግዲህ ወጣት አንባቢዎች ሆይ፣ ወንዶችም ሁኑ ሴቶች፣ ይህን ነገር የጓዳ ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት። ማንኛችንም ወደዚህ ዓለም የገባነው በአንዲት ሴት ድካም ነው።

የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ አንዲት ወጣት ሴት እናስብ። ከመጨረሻው የወር አበባዋ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ 280 ቀን፣ ማለት 40 ሳምንት ተቈጠረላት። ቀኑ ደረሰ፤ ምጡ ግን አልመጣም። የሕፃኑ ልብስ ታጥቧል፤ የገንፎው ዱቄት ተሰናድቷል፤ እናቷም ከአገር ቤት መጥታ ተቀምጣለች። ጎረቤቱም በየማለዳው «እስካሁን አልተገላገልሽም ወይ?» ይላታል። 41ኛው ሳምንት ሲሞላ ሐኪሙ «ከዚህ በላይ ባንጠብቅ ይሻላል፤ ምጡን በመድኃኒት እናምጣው» አላት። እናቷ ደግሞ «ልጄ፣ ፍሬ ሲበስል ራሱ ይወርዳል፤ እግዜር የቈጠረውን ቀን ሰው ምን አገባው?» አለቻት። ልጅቱም በሁለቱ ቃል መካከል ሆና እንቅልፍ ሳይወስዳት አደረች። እንግዲህ ከሁለቱ እውነቱን የተናገረው ማን ነው?

የእናቲቱን ቃል ካለማወቅ የመጣ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። በመጀመሪያ ነገር፣ 280 ቀን የሚባለው ቁጥር ግምት ነው፤ በዚያው በተባለው ቀን የሚወልዱ ሴቶች ጥቂቶች ናቸው። ሁለተኛ፣ ያልተሰናዳ ማኅፀን በመድኃኒት ሲጎተጎት ምጡ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ ከልክ ሲያልፍ ቁርጠቱ ያለ ዕረፍት ይደራረብና ለሕፃኑ የሚደርሰው ኦክሲጅን ሊቀንስበት ይችላል። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ ምጥን ለመጥራት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ለእናቲቱና ለሕፃኑ ሳይሆን ለራሱ ምቾት ሊጠቀምበት ይችላል፤ ተራው ሳያልቅ ሥራውን ለመጨረስ፣ ወይም አልጋውን ቶሎ ለማስለቀቅ። ሕክምናም ቢሆን ዝም ብሎ እጁን አይሰነዝርም። እ.ኤ.አ. በ1964 ኤድዋርድ ቢሾፕ የተባለ ሐኪም፣ የማኅፀን በር ለመውለድ መሰናዳቱን በአምስት ምልክት እየመዘኑ ቁጥር የሚሰጡበትን ዘዴ አሳተመ። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ጥበብ እንኳ አስቀድማ «ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» ብላ ገላን ትጠይቃለች ማለት ነው።

የሐኪሙም ቃል ቢሆን ከችኮላ የመጣ አይደለም። ሕፃኑን በማኅፀን የሚመግበው እንግዴ ልጅ ለተወሰነ ዘመን የተሰጠ ስንቅ ነው፤ ቀኑ ሲያልፍ አገልግሎቱ ሊደክም ይችላል። በስዊድን አገር 2,760 ሴቶችን በሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን በ41ኛው ሳምንት ምጥ ሲያመጡ ሌላውን ወገን እስከ 42ኛው ሳምንት ለመጠበቅ ጥናት አደረጉ። ከተጠበቁት ወገን 6 ሕፃናት ሞቱ፤ ከሌላው ወገን አንድም አልሞተም። ስለዚህ ጥናቱ ሳይፈጸም እንዲቆም ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ስድስት ከብዙ መቶዎች መካከል ሲታይ ጥቂት ነው፤ ለስድስቱ እናቶች ግን ጥቂት አይደለም። ምጥ ከተጠራ ቀዶ ጥገና አይቀርም ለሚሉትም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሌላ ነገር አሳይቷል። የመጀመሪያ ልጃቸውን ከሚጠብቁ ከ6,000 በላይ ጤነኛ ሴቶች መካከል፣ ምጥ በ39ኛው ሳምንት ከተጠራላቸው በቀዶ ጥገና የወለዱት ከመቶ 18.6 ሲሆኑ፣ ከተጠበቁት ግን 22.2 ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም 41 ሳምንት መሙላታቸው በእርግጥ ለታወቀ ሴቶች ምጥን ማምጣት እንደሚገባ ይመክራል።

ደግሞም መጠበቅ ሁሉ ትዕግሥት አይደለም። በአገራችን በገጠር፣ ምጥ የጠናባት ሴት ሁለትና ሦስት ቀን በቤቷ የቈየችበት ብዙ ጊዜ ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልቀረም። መውጫ ያጣው ሕፃን ይሞታል፤ የእናቲቱም ገላ በውስጥ ይቈስልና ሽንቷን መቈጣጠር የማትችል ሆና ትቀራለች። ይህን የፊስቱላ ጉዳት ለማከም፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን፣ በ1974 ራሱን የቻለ ሆስፒታል መሠረቱ። ያቺ ሴት ምጧ የተዘጋው ከመድኃኒት እጦት ብቻ አልነበረም፤ በመድኃኒት ሳይጠራ ራሱ በመጣ ምጥም ይህ ይደርሳል። እኔ የምለው ግን ይህ ነው፦ እነዚያ ሴቶች ትዕግሥት አላነሳቸውም። ያነሳቸው መንገድና ሐኪም ነው። እነርሱን «ታገሡ» ማለት ምክር ሳይሆን መተው ነበር።

እንግዲህ ትዕግሥትንና ስንፍናን፣ ትጋትንና ችኮላን በሰዓት ቈጠራ መለየት አይቻልም። አንድ ቀን የጠበቀ ሰነፍ፣ ሁለት ሳምንት የጠበቀ ታጋሽ ሊሆን ይችላል፤ የዚህም ተቃራኒ ይሆናል። መለያው ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው «ለማን ተብሎ?» የሚል ነው። ለእናቲቱና ለሕፃኑ ተብሎ ከሆነ መጠበቁም መጥራቱም መልካም ነው፤ ለሌላ ተብሎ ከሆነ ሁለቱም ክፉ ነው። ሁለተኛው «በማን ዕውቀት?» የሚል ነው። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ስለሚረሳው ሰፋ አድርገን እንመልከተው።

ምጥ በመድኃኒት ሲመጣ ሥራው እንዲህ ነው። አስቀድሞ የማኅፀኑን በር የሚያለሰልስ ኪኒን ይሰጣል፤ ወይም ጫፉ ላይ በውሃ የሚነፋ ትንሽ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ ይገባል። ከዚያ ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒት በፈሳሽ ተበርዞ በደም ሥር በጠብታ ይሰጣል። ቁርጠቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ወይም 4 ጊዜ እስኪመጣ ድረስ ጠብታው ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ከ5 ጊዜ ካለፈ ይቀነሳል ወይም ይቆማል። የሕፃኑም የልብ ምት ይደመጣል፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ከሆነ ደኅና ነው። ለአዋላጇ ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወልደው ሴት ግን የምታወዳድረው ነገር የላትም። ይህ ሕመም የሚበቃው ይሁን ወይስ ገና የሚብስ፣ ጠብታው ሲጨመር ልጇ ተቸግሮ ይሁን ወይስ ነገሩ እንዲሁ የሚሄድ፣ አታውቅም። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» እየተባለ በደፋር ልጅ ይቀለዳል፤ በመድኃኒት የሚመጣውን ምጥ ግን እናቷም ካላየችው፣ ልጅቱን የሚያስተምራት ከሐኪምና ከአዋላጅ በቀር ማን አለ?

እንግዲህ በአንድ ሌሊት፣ በሁለት ክፍል፣ ሁለት ሴቶች ተኝተዋል እንበል። በአንደኛው ክፍል አዋላጇ ካጠገቧ ቁጭ ብላ፣ «እኅቴ፣ ይህ መድኃኒት ምጡን ያመጣል። ቁርጠቱ በቶሎ ሊጠናብሽ ይችላል፤ ከበዛ እንቀንሰዋለን። ይኸው የልጅሽ የልብ ምት፣ አድምጪው። የማይገባሽ ነገር ሲኖር ጠይቂኝ» ትላታለች። በሁለተኛው ክፍል ግን መርፌው ተሰክቶ ጠብታው ይንጠለጠላል፤ ሴቲቱ «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቅ «ዝም ብለሽ ተኚ፤ ሐኪም ያውቃል» ትባላለች። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሰዓቱ አንድ ነው፤ በማግሥቱም ሁለቱ ጤነኛ ልጅ ታቀፉ። ዳሩ ግን አንደኛይቱ «ወለድሁ» ትላለች፤ ሁለተኛይቱ ያን ሌሊት ባስታወሰች ቍጥር ልቧ ይሸማቀቃል፤ ሁለተኛ ማርገዝንም ትፈራለች። በገላዋ የሚታይ ቍስል ስለ ሌለ የሚጠይቃት የለም፤ ብትናገርም «ልጅሽ ደኅና ከሆነ ምን ቀረብሽ?» ይሏታል።

የቀረባትማ ትልቅ ነገር ነው። ከእንስራ ውሃ ስንቀዳ እንስራውን አናስፈቅድም፤ ውሃው ንጹሕ ከሆነ ሥራው ተፈጸመ። ሴት ግን እንስራ አይደለችም። ፍጻሜው ካማረ መንገዱ አይጠየቅም የሚል ሰው፣ ሰውን ዕቃ አድርጎ ቈጥሯል። ምናልባት «ደም ሲፈስ፣ የሕፃኑ ልብ ሲደክም፣ ማን ቁጭ ብሎ ያስረዳል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ረጅም ቃል አይቻልም። ነገር ግን «ልጅሽ ተቸግሯል፤ ጊዜ የለንም፤ አሁን ወደ ቀዶ ጥገና እንወስድሻለን» ለማለት እስትንፋስ አይፈጅም። መናገር ያቃተው ሁሉ ጊዜ ያጣ አይደለም፤ አብዛኛው ልማድ ያጣ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ የተሰወረ ሐዘን መናገር ይገባል። ምጧ በመድኃኒት የመጣላት ሴት አንዳንድ ጊዜ «ገላዬ ከሸፈብኝ፤ እንደ እናቶቼ አላማጥሁም» ብላ ራሷን ትወቅሳለች። ይህ ወቀሳ ከእውነት የራቀ ነው። ኦክሲቶሲን የባዕድ ነገር አይደለም፤ የሴቲቱ አንጎል ራሱ የሚሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ሄንሪ ዴል የተባለ እንግሊዛዊ፣ ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ የተቀዳ ነገር ማኅፀንን እንደሚያኰማትር አስተዋለ። በ1953 ደግሞ አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ ይህንኑ ኦክሲቶሲን ራሱን አስመስሎ በቤተ ሙከራ ሠራው፤ በ1955ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ስለዚህ በጠብታ የሚገባው ገላዋ ከሚያውቀው ጋር አንድ ነው። እሳት በቤቷ የጠፋባት ሴት ከጎረቤት ፍም ትጭራለች። እሳቱ ከጎረቤት መጣ ተብሎ እንጀራውን ጎረቤት ጋገረው አይባልም። ጭሱን የቻለችው፣ ምጣዱን ያሰማችው፣ እንጀራውን ያወጣችው እርሷ ናት።

ቋንቋችንም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ቡና በሌላ ሰው እጅ ያሠራ ጌታ «አስለቀመ» ይባላል፤ ጎንበስ ብሎ አብሮ የለቀመ ግን «አላቀመ» ይባላል። ወላድን የሚረዳውንም ሰው የጠራነው «አዋለደ» ብለን ነው እንጂ «አስወለደ» ብለን አይደለም። አዋላጅ ማለት በመውለድ የሚያግዝ ማለት ነው፤ ሥራው የወላዷ ነው። የሶቅራጥስ እናት ፌናሬቴ አዋላጅ ነበረች ይባላል። ፕላቶን «ቴአይቴቶስ» በተባለው መጽሐፉ ሶቅራጥስ የራሱን ትምህርት ከእናቱ ሙያ ጋር ሲያመሳስል ያሳየናል፤ በዚያም አዋላጆች በመድኃኒት ምጥን ለመቀስቀስም ለማለዘብም እንደሚችሉ ይነገራል። እንግዲህ ምጥን የመጥራት ሐሳብ የትናንት ፈጠራ አይደለም። ሶቅራጥስም የተናገረው ቁም ነገር፣ መምህር ዕውቀትን በተማሪው ልብ ውስጥ አያፈስም፣ ተማሪው ራሱ እንዲወልድ ያግዘዋል የሚል ነው። መምህር ይህን ሲረሳ አስወላጅ ይሆናል፤ ሐኪምም እንዲሁ።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ነገ ከእናንተ አንዳንዶቹ ሐኪምና አዋላጅ ትሆናላችሁ፤ ያን ጊዜ መርፌውን ከማንሣታችሁ በፊት ቃሉን አስቀድሙ። አንዳንዶቻችሁ ባል ትሆናላችሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወላድ የምትመርጠው ሰው በምጧ ጊዜ አብሯት እንዲሆን ስለሚመክር፣ ከፈለገቻችሁ ከደጅ አትቁሙ፤ በሕመም የተያዘች ሴት ልትጠይቅ ያልቻለችውን ጠይቁላት። እናት የምትሆኑት ደግሞ «ለምን?» ማለት ሐኪምን መድፈር እንዳልሆነ እወቁ። ሐኪሙ የሚጠራውን ምጥ የምታምጡት እናንተ ናችሁና።

በአገራችን ወላድን ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ይህ ሰላምታ መልካም ሰላምታ ነው። ስለ ሕፃኑ ከመናገሩ በፊት ስለ እናቲቱ ይናገራል፤ ምጡ በራሱ ጊዜ መጣ ወይስ ተጠራ ብሎም አይመረምርም። በማኅፀን በር የወለደችውን፣ በቀዶ ጥገና የተገላገለችውን፣ በጠብታ ያማጠችውን ሁሉ በአንድ ቃል ይቀበላታል። ልማዳችን ከወለደች በኋላ የሚሰጣትን ይህን ክብር፣ በምጧም ሰዓት ብንሰጣት ምንም አይጎድልብንም።