ዘር ከልጓም ይስባል?

ባለፈው ሰሞን ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ ወዳጄ “የዛሬዎቹ አይሁድ እኮ ካዛሮች ናቸው፤ ከአብርሃም ጋር ምን አገናኛቸው!” ብሎ ክርክሩን ዘጋው። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ጭምር። ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እውነት ቢሆንስ ምን ይለወጣል?

ካዛሮች ከካስፒያን ባሕር በስተሰሜን፣ በቮልጋ ወንዝ ዙሪያ የነገሡ የቱርክ ዘሮች ነበሩ። በ8ኛው ወይም በ9ኛው መቶ ዘመን ንጉሣቸውና መኳንንቱ የሙሴን ሃይማኖት ተቀበሉ። ባንድ ወገን ክርስቲያኑ ቢዛንታይን፣ በሌላው ወገን የሙስሊሞቹ ከሊፋ ነበሩና፣ ምርጫውን ለሁለቱም ላለመገበር የተደረገ ብልጠት ነው የሚሉ አሉ። ይሁን። በ1999 በስዊድን፣ ጎትላንድ ደሴት ከተገኘው የብር ክምችት ውስጥ “ሙሴ የእግዚአብሔር መልእክተኛ ነው” የሚል የካዛር ገንዘብ ወጥቷል። መንግሥታቸው በ960ዎቹ በኪየቩ መስፍን በስቪያቶስላቭ ክንድ ወደቀ።

የወዳጄን ወሬ በዓለም ያናኘው አርተር ኬስትለር በ1976 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ኬስትለር ራሱ አይሁዳዊ ነበር፤ የአውሮፓ አይሁድ ከካዛር ከመጡ የዘር ጥላቻው መሠረት ያጣል ብሎ አሰበ። ምን ዋጋ አለው፣ ጠላቶቻቸው መጽሐፉን ዱላ አደረጉት። በ2013 የወጣ ሰፊ የዘረመል ጥናት ደግሞ የካዛር ምንጭ ማስረጃ አላገኘም።

ግን ጥያቄዬ የዘረመል አይደለም። በ1204 ያረፈውን ሊቅ ማይሞኒደስን፣ ኦባድያ የተባለ ወደ እምነቱ የገባ ሰው “የአባቶቻችን አምላክ ብዬ መጸለይ እችላለሁ ወይ?” ብሎ ጠየቀው። ትችላለህ፣ አብርሃም ያንተም አባት ነው ሲል መለሰለት። ይሁዳ ሃሌዊ ግን በ1140 ገደማ የካዛሩን ንጉሥ ባለታሪክ ባደረገበት መጽሐፉ፣ የገባ ሰው ከተወለደው እኩል አይሆንም ይላል። ያከበረውን እንግዳ በር ላይ አቆመው!

ይህ የድሮ ወሬ እንዳይመስለን። ከፍተኛው ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤሎችን አይሁድ ናቸው ብለው ፈርደው ሳለ፣ ከሱዳን በረሃ ተርፈው እስራኤል የገቡት ወገኖቻችን ጥርጣሬ ጠበቃቸው፤ በውሃ ተጠምቃችሁ አረጋግጡ ተባሉ። በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ተቃውሞ ተቀመጡ። ለስንት ዘመን የጠበቁት ሰንበት አልመሰከረላቸውም ማለት ነው?

“ዘር ከልጓም ይስባል” እንላለን። እርግጥ ነው፣ የአያት የቅድመ አያት ትዝታ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ኢዛናም ሃይማኖት ለውጦ በገንዘቡ ላይ መስቀል ያስቀረጸ ንጉሥ ነው። ክርስትናችሁ የተውሶ ነው፣ ዘራችሁ ከሐዋርያት አይመዘዝም የሚለን ሰው ቢመጣ ቡናችንን በሰላም የምንጠጣ አይመስለኝም።

ሰውን “እውነተኛ አይደለህም” ለማለት ደሙን የምንመረምረው፣ ብዙ ጊዜ፣ ቀድመን ልናስወጣው ስለፈለግን ነው። ያን ቀን ራሴን ስነቀንቅ ያላሰብኩት ይህንን ነበር።