ላልጠራሁት ሐሳብ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት አውቶቡስ ተራ ላይ የተተረተ ይመስለኛል። በ1996 ዓ.ም. ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ከግቢው በር ይደርስ ነበር። አንድ እጁ ሻንጣው ላይ፣ አንድ እጁ ኪሱ ላይ። በሩ ሲከፈት ሁሉም ይሮጣል፤ ሲሮጥም ኪሱን እንደያዘ ነው። እዚያ ቦታ የማይጠረጥር ሰው ካለ ወይ የዋህ ነው፣ ወይ ሌባው ራሱ ነው።

በዚያው ዓመት አንድ ማለዳ አርባ ዓመት ከሚሆነው አንድ የመርካቶ ነጋዴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሊሸኘው የመጣው የሱቅ ልጅ በመስኮቱ ሥር ቆሟል።

«በሩን ቆልፌዋለሁ አይደል?»

«ቆልፈዋል ጋሼ።»

«ሁለቱንም ጓጉንቸር?»

«ሁለቱንም። እኔ ራሴ ሳብ ሳብ አድርጌ አይቼዋለሁ።»

ሰውየው ትንሽ ተንፈስ ይልና እንደገና ይጠይቃል። ስድስት ጊዜ ቆጠርኩ። ሞተሩ ሲነሣ ላብ አጠመቀው፤ «መጣሁ» ብሎ ወረደና ወደ ሱቁ ሮጠ። አውቶቡሱ አልጠበቀውም። ከኋላ አንዱ «ሰውየው መኪና ተሳስቶ ነው፤ የሚሄድበት እዚሁ ጎረቤት ነው» ሲል መኪናው በሳቅ ተሞላ። ጎረቤት ያለው አማኑኤል ሆስፒታልን ነው። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

ለምን እንደዚያ እንደሳቅሁ ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ደሴ የምሄደው እህቴ ዘንድ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አራስ ልጠይቃት የሄድኩ ጊዜ፣ ሕፃኑን ታቅፌ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ሐሳብ ድንገት ብልጭ አለብኝ፦ «ብወረውረውስ?» እጄ ተንቀጠቀጠ። ሕፃኑን ለእናቱ መለስኩና ከዚያ ቀን ጀምሮ አልታቀፍኩትም። አንዴ ጉንፋን ይዞኛል፣ አንዴ እጄን አልታጠብኩም እላለሁ። እህቴ ለእናታችን «አጎቱ ልጄን አልወደደውም» ማለቷን ሰማሁ። እውነቱን ብነግራት ደግሞ ልጇን ይዛ የምትሸሸኝ መሰለኝ። እንግዲህ በበሩ ቁልፍ በሚጨነቅ ሰው የሚስቀው ሰው እንዲህ ያለ ነበር።

እስቲ አንባቢዬ ይፍረደኝ። ሰው ላልጠራው ሐሳብ ይጠየቃል?

በቤተ ክርስቲያን ያደግን ሰዎች ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር እንደሚሠራ ተምረናል። በማሰብ፣ በመናገርና በማድረግ ማለት ነው። እኔ ትምህርቱን በግማሹ ሰምቼ በሙሉው ተሸበርኩ። ካሰብኩት አድርጌዋለሁ ማለት ነው ብዬ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባ ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ ሐሳቡ ሲመጣ ደስ ይልሃል ወይስ ያስጨንቅሃል?» አሉኝ። «እንቅልፍ ነስቶኛል» አልኳቸው። «እንግዲያስ ያንተ አይደለም፤ ተወው» አሉ። ቤቴ የገባሁት ቀልሎኝ ነበር። ግን «ጥያቄዬን በደንብ ሳላስረዳቸው ቀርቼ ቢሆንስ?» አልኩና በሳምንቱ ተመለስኩ። በሁለተኛው ሳምንትም ሄድኩ። እንደዚያ ነጋዴ፣ እኔም የምሮጥበት ሱቅ ነበረኝ።

ይህ ነገር ሃይማኖት አይመርጥም። ሙስሊም ወገኖቻችን ወስዋስ የሚሉት አለ፤ ሰውየው ውዱ ያደርጋል፣ «አልተሟላልኝም» ብሎ እንደገና ይታጠባል፣ የሶላቱ ሰዓት እስኪያልፍ። በ850 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተወለደው አቡ ዘይድ አል በልኺ ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፉ ይህን መሰሉን ተመላላሽ ሐሳብ ከሐዘንና ከፍርሃት ለይቶ መርምሮታል። ከሺህ ዓመት በፊት በሽታ ተብሎ የተጻፈውን ነገር እኛ ዛሬም ወይ እብደት፣ ወይ የሰይጣን ሥራ፣ ወይ የባሕርይ ድክመት እንለዋለን።

ወደ አማኑኤል የሄድኩት በ1998 ዓ.ም. ነው። አውቶቡስ ተራ ከታክሲ ወርጄ በእግሬ። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ ክፍለ አገር የምሄድ እንዲመስለው ትንሽ ሻንጣ ይዤ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሩ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «አማኑኤል» የሚለው ስም በከተማችን ከሕክምናው ይልቅ በስድብነቱ ታወቀ። እኔ በረንዳው ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ግን አስተማሪ፣ ሾፌር፣ የልጆች እናት ነበሩ።

ሐኪሟ ታሪኬን ሰምታ ጨረሰችና «የንስሐ አባትህ መልስ ትክክል ነበር። ሕመሙ ያለው መልሱን ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅህ ላይ ነው» አለችኝ። ከዚያ ያስረዳችኝን፣ በኋላም አንብቤ ያረጋገጥኩትን ላካፍላችሁ።

ጭንቀት በራሱ ዘበኛ ነው። አውቶቡስ ተራ ላይ ኪሳችንን የሚያስይዘን እሱ ነው። አንዳንዱ ዘበኛ ግን ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ ያኔ ሕመም ሆነ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች የጭንቀት ሕመም እንደነበረባቸው ገምቷል። ኦሲዲ የሚባለው የእኔና የነጋዴው ሕመም የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በሕይወት ዘመናቸው ከመቶ ሰዎች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑትን ይይዛል። ሁለት እግር አለው። አንደኛው ሳይጠራ የሚመጣና አልሄድ የሚል ሐሳብ ነው። ሁለተኛው ሐሳቡን ለማባረር የሚደጋገም ድርጊት ነው፤ መታጠብ፣ መፈተሽ፣ መቁጠር፣ መጸለይ፣ መጠየቅ። ድርጊቱ ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፋል። ያ ዕረፍት ነው ወጥመዱ፤ አእምሮ «በሩ የዳነው ስለፈተሽኩት ነው» ብሎ ይማርና ነገ ደግሞ አጥብቆ ይጠይቃል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ፤ በአንጎል የፊት ክፍልና ከሥሩ ባሉት ክፍሎች መካከል ያለው መላላክ ይዛባል፤ ከባድ የኑሮ ጫናና እንደ ወሊድ ያለ ለውጥም ይቀሰቅሰዋል። የእምነት ጉድለት ግን ከምክንያቶቹ መካከል የለም።

በጣም የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ጤነኛ ሰዎችን ቢጠይቁ ከአምስቱ አራቱ ያህል እንዲህ ያሉ ክፉና አስደንጋጭ ሐሳቦች ብልጭ እንደሚሉባቸው ተናገሩ። ልዩነቱ ሌላው ሰው «ምን ዓይነት ሐሳብ ነው!» ብሎ ያልፋል፤ ሕመምተኛው ችሎት ያስቀምጣል፤ ከሳሹም ተከሳሹም ዳኛውም እሱ ራሱ ነው።

ሕክምናውም ችሎቱን መዝጋት ነው። ቪክተር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1966 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሁለት ሕሙማን ላይ የሞከረው መንገድ ዛሬም ዋናው ነው። የሚያስፈራህን ነገር ደረጃ በደረጃ ትጋፈጣለህ፤ ማረጋገጫውን ግን ለራስህ ትከለክለዋለህ። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ ለውጣቸው ለመታየት ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የሚያቋርጠው ብዙ ነው። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን አይጣል።

«እንዲህ ከሆነማ ሰው ለሐሳቡ ፈጽሞ አይጠየቅም ልትል ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አልልም። ጎረቤቱን እንዴት እንደሚያጠፋ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሰላ ሰው ለስሌቱ ይጠየቃል፤ እሱ ሐሳቡን ወንበር ስቦ አስቀምጦታል፣ ቡና አፍልቶለታል። በር ሳያንኳኳ የገባውንና ባለቤቱ በድንጋጤ ከቤቱ የወጣለትን ሐሳብ ግን በአንድ መዝገብ መክሰስ ግፍ ነው። ሐልዮን ያስተማሩን አባቶችም የመጣውንና የተስተናገደውን ሐሳብ ይለያሉ። እኔ የምጠየቅበት በደል ሌላ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ እህቴን ማሳዘኔ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለሥጋ ቁስል ብቻ አይደለም።

በመጨረሻ ለእህቴ ነገርኳት። ይዛው የምትሸሽ የመሰለኝ እህቴ ልጁን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «በል ያዘው፤ እኔ ጓዳ ሥራ አለኝ» አለችና ሄደች። ሐሳቡ መጣ። አላባረርኩትም፣ አልመለስኩለትም፣ አልጸለይኩበትም። ልጁ የሸሚዜን ቁልፍ ሲጎትት ሐሳቡ ጥቂት ቆይቶ ደበዘዘ። ሌላ ቀንም ተመልሶ መጥቷል። ዛሬም አንዳንዴ ይመጣል።

ያን ነጋዴ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ባገኘው መጀመሪያ ስለ ሳቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። «በሩን ቆልፈውታል» ግን አልለውም፤ ያንን የሱቁ ልጅ ስድስት ጊዜ ነግሮታል፣ አልጠቀመውም። «ጋሼ፣ ምናልባት ሳይቆልፉት ቀርተው ይሆናል። ይሁና። አውቶቡሱ ሊነሣ ነው፤ ይግቡ፣ አብረን እንሂድ» እለው ነበር።