ደረጃውም አማና ነው

ኢስላም የእጅ ሥራን ያከብራል። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር፣ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) ደግሞ አናጢ እንደነበሩ በሶሒሕ ሐዲሶች ተነግሮናል። ነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ) የተሳፈሩባት መርከብ ከሳንቃና ከምስማር የተሠራች መሆኗን ቁርአን ያወሳል (ሱረቱል ቀመር 54፡13)። የመዲናው መስጂድ የመጀመሪያ ሚንበርም ቢሆን የእንጨት ደረጃ ነበር። አንዲት የአንሷር ሴት አናጢ የነበረ አገልጋይዋን አዝዛ፣ ከጋባ ጫካ በመጣ እንጨት ባለ 3 እርከን አድርጎ ሠራው። ስለዚህ መጋዝና መሮ የሚያነሳ ሙስሊም በክቡር መንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ ሙያው አናጢነት ያልሆነ አንድ አባወራ፣ ከምድር ቤቱ ወደ ፎቁ የሚያወጣ ጠምዛዛ የእንጨት ደረጃ በገዛ እጄ ልሥራ ብሎ ቢነሳ ምን እንለዋለን? ቦታው ጠባብ ነው፤ ቀጥ ያለ ደረጃ ክፍሉን ይበላበታል፤ ጠምዛዛው ግን ጥግ ይዞ ይቆማል። ገንዘብ ይቆጥባል፤ ልጆቹም ከአባታቸው ጋር መላጊያ መያዝ ይማራሉ። ቤቱ የራሱ፣ እንጨቱ የራሱ፣ ድካሙም የራሱ ነው። ታዲያ ማን ምን ያገባዋል?

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በእርግጥ ጉዳዩ የእርሱ ብቻ ነውን?

መደርደሪያ ቢዘም መጽሐፍ ይወድቃል፤ ደረጃ ቢዘም ሰው ይወድቃል። በተለመደው ጠምዛዛ ደረጃ እርከኖቹ የሚንጠለጠሉት መሐል ላይ ከቆመ አንድ ምሰሶ ነው። እያንዳንዱ እርከን በምሰሶው በኩል ጠባብ፣ በውጭ በኩል ሰፊ ነው። ሰው የሚረግጠው በሰፊው በኩል ስለሆነ፣ ክብደቱ በምሰሶው ላይ ያለውን መጋጠሚያ ሊፈለቅቅ ይታገላል። ከወለል እስከ ወለል ያለው ቁመት 2 ሜትር ከ80 ቢሆንና በ14 ቢካፈል፣ ለእያንዳንዱ ከፍታ 20 ሳንቲሜትር ይደርሰዋል። ከመካከላቸው አንዱ 2 ሳንቲሜትር ቢበልጥ ዓይን ላያየው ይችላል፤ እግር ግን ይሰናከልበታል፤ እግር ከታች የለመደውን ከላይም ይጠብቃልና። የመደገፊያው ዘንጎች ክፍተት ከ10 ሳንቲሜትር ከሰፋ ሕፃን ሊሾልክበት ይችላል። በደንብ ያልደረቀ እንጨት፣ በተለይም ባሕር ዛፍ፣ ቤት ከገባ በኋላ እየደረቀ ሲሄድ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ዛሬ የጠበቀው መጋጠሚያ ከወራት በኋላ ይላላል።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። ለፈጅር ውዱእ ለማድረግ በጨለማ የምትወርደው አያት መጋጠሚያውን አትፈትሽም። ለዚያራ የመጣ እንግዳም የምስማሩን ርዝመት አይጠይቅም። እግራቸውን የሚያሳርፉት በእንጨቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በሠሪው ቃል ላይ ጭምር ነው። በሰው እጅ የተጣለ እንዲህ ያለ እምነት ደግሞ በእኛ ቋንቋ አማና ይባላል።

«ኒያዬ እኮ ለቤተሰቤ መልካም ማድረግ ነበር» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሥራ የሚለካው በኒያ ነው፤ ምንዳውም በኒያ ይገኛል። ነገር ግን መልካም ኒያ የላላ መጋጠሚያ አያጠብቅም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና ሳይችል ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል። ያ ሰው በሽተኛውን ለመጉዳት አስቦ ነበር አልተባለም። የተጠየቀው የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ በሰው አካል ላይ እጁን በማንሳቱ ነው። ነገሩ የተነገረው በሕክምና ላይ ቢሆንም፣ የሰው አጥንትና ሕይወት በሚታመንበት ሥራ ሁሉ ሊያስደነግጠን ይገባል። ያገራችን ሰውም «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ይላል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ሰው ከወደቀ በኋላ «የአላህ ቀደር ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ነው። በቀደር ማመን የኢማን መሠረት ነው። ሆኖም ቀደር ለተጎጂው መጽናኛ እንጂ ለሠሪው መደበቂያ አልተሰጠም። ግመሉን ልልቀቅና ልመካ ወይስ ልሰራና ልመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስሮ እንዲመካ ነው የነገሩት። ከለላ በሌለው ጣሪያ ላይ ማደርንም አስጠንቅቀዋል። ከመውደቅ መጠበቅ ከተወኩል ጋር አይጣላም።

ታዲያ አባወራው መሮውን ይጣል? አይጣል። አላህ (ሱ.ወ) ብረትን ያገራላቸው ነቢዩ ዳውድ እንኳ ጥሩር ሲሠሩ ቀለበቶቹን በልክ እንዲመጥኑ ታዝዘዋል (ሱረቱ ሰበእ 34፡11)። ተአምር የተሰጠው ነቢይ ልክ እንዲጠብቅ ከታዘዘ፣ እኛ ሜትርና ቱንቢ መናቃችን ከየት የመጣ ድፍረት ነው? ስለዚህ ከመጋዙ በፊት ስሌቱን ለባለሙያ አናጢ ያሳይ። መጠየቅ ውርደት አይደለም። እንጨቱ በደንብ እስኪደርቅ ይታገስ። ሰው ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱን እርከን በአሸዋ ከረጢት ይፈትነው። ልኩንም በራሱ ጠንካራ እግር ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ባለው በደካማው እግር ይመጥነው።

ትልቁ ፈተና ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ 9ኛው እርከን ምሰሶው ውስጥ በደንብ እንዳልገባ ቢያውቅስ? ኮላና ቀለም ቢቀባበት ማንም አያይም። ጎረቤቱ አይቶ አድንቋል፤ ልጆቹ ኮርተውበታል፤ የወራት ድካም ፈሶበታል። ማፍረስ ያማል። ኢኽላስ የሚለየው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ለሰው አድናቆት የሠራ ቀለም ይቀባል፤ ለአላህ ብሎ የሠራ ይነቅላል። ኢሕሳን አላህን እንደምናየው ሆነን ልንገዛው፣ ባናየውም እርሱ እንደሚያየን ማወቅ ነው ተብለናል። ከቀለሙ በታች ያለውን ክፍተትም ያየዋል።

ውድ አንባቢያን! ሁላችንም አናጢዎች አይደለንም። ነገር ግን ለልጁ መድኃኒት የምትለካ እናትም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚቀጥል ወንድምም ሌላው ሰው ሳይፈትሽ የሚረግጠውን እርከን ይሠራሉ። ያላየልን ሰው የሚያምነንን ሥራ፣ የሚያየን ጌታ እንዳለ አውቀን እንሥራው።

አላህ (ሱ.ወ) አማናቸውን ከሚጠብቁት፣ ሥራቸውንም ከሚያሳምሩት ያድርገን። አሚን።